የጥቁሩ ሽቦ መጨረሻ

ሮዳስ ሳህሌ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከአቃቂ በሰቃ እስከ ቃሊቲ በእግሯ ነው የሄደችው። ታክሲ አጥታ አይደለም፤ ብትሳፈር ከረዳቱ ጋር እንደምትጣላ ስላወቀች ነው። ትከሻዋ ላይ ባንጠለጠለችው ቦርሳ ውስጥ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና አንድ ጥቅል ሽቦ አለ። በጎን ኪሱ ደግሞ ሐሙስ ዕለት የደረሳት ደብዳቤ አለ። ቀዳድዳ ልትጥለው ሦስት ጊዜ አውጥታ ሦስት ጊዜ መልሳዋለች፤ በዚህም በራሷ ተናዳለች።

አባቷ አቶ ሳህሌ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ይከተሏታል። የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰዋል። ከቤት ሲወጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሰፈሩ «ባሕረኛው» ይላቸዋል፤ አሥራ ሰባት ዓመት ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከቦችን ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው፣ በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ሻንጣ ይዘው በሰቃ ገቡ፤ በአንዲት ክፍል ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገኛ ከፈቱ። ሮዳስ ያደገችው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። እጇን ሽቦው ላይ አድርጋ ከባትሪው እስከ ዕቃው ድረስ ሳትከተል «አየሁት» ካለች እንደገና ያስጀምሯት ነበር።

ነገሩን ላልሰማ ልንገር። ወይዘሮ አሰጋሽ ቃሊቲ ላይ የሃያ ሁለት የጭነት መኪና ባለቤት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ድርጅቱን ብቻቸውን ያቆሙ፣ ሹፌር የሚንቀጠቀጥላቸው ሴት ናቸው። ላንጋኖ ዳር የመዝናኛ ቤት ሠርተው አንዲት ነጭ የሞተር ጀልባ አስመጡ። የውሃውን ጥልቀት የሚያሳየውን ስክሪን፣ ሬዲዮውንና የገባ ውሃ የሚያስወጣውን ፓምፕ የሚገጥም ሰው ሲፈለግ መርከብ የሚያውቅ አዛውንት አቃቂ ላይ ተገኘ። አባትና ልጅ ታኅሣሥን ሙሉ እዚያ ግቢ ሠሩ። የወይዘሮ አሰጋሽ አንድ ልጅ ዘአማኑኤልም ታኅሣሥን ሙሉ ሥራ ሊያይ ተመላለሰ። ሥራውን ማየቱን እንኳ እኔ እጠራጠራለሁ።

የካቲት ሲያልቅ ወይዘሮ አሰጋሽ የተከበሩ እንግዶች ይዘው ላንጋኖ ወረዱ። እንግዶቹ ለዘአማኑኤል የታሰበችው ልጅ ወላጆች ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። መሐል ሐይቅ ላይ ስክሪኑ ጠፋ፣ ሬዲዮው ዝም አለ፣ ፓምፑ ቆመ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ ከሥሩ ድንጋይ ይኑር አይኑር በዓይን አይለይም። ጀልባዋ ከድንጋይ ተላትማ ውሃ አስገባች፤ እንግዶቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከቆዩ በኋላ ዓሣ አጥማጆች ጎትተው አወጧቸው። ሰው አልተጎዳም። ወይዘሮ አሰጋሽ ግን ተዋረዱ። በማግስቱ በሰቃ ድረስ መጥተው፣ ሱቁ በር ላይ ቆመው፣ ሰፈሩ እየሰማ «ኦርጂናሉን አውጥቶ ውራጅ የገጠመልኝ ሌባ» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሄደው ከሰሱ።

እዚህ አገር ጠጋኝን ለመግደል ይህች አንዲት ቃል ትበቃለች። በሳምንት ውስጥ ሰው ለጥገና የሰጠውን ቴሌቪዥን እየተሸከመ ወጣ። አቶ ሳህሌ ጣቢያ ተጠርተው ቃላቸውን ሰጡ፤ በዋስ ወጡ፤ ሰኞ ተመልሰው ይቀርባሉ። እስከ ሰኞ ጀልባዋን ምን እንደነካት ካልታወቀ በሌባ ስም ነው የሚቀርቡት። ሮዳስ ለወይዘሮ አሰጋሽ ሰው ልካ «ራሴ ልፈትሸው፣ እርስዎም ይዩ» ያለችው ለዚህ ነው።

ዘአማኑኤልስ? ዘአማኑኤል ደብዳቤ ጻፈ።

«ሮዲ፣ እናቴን ታውቂያታለሽ። አሁን ብናገር እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሺኝ፤ ነገሩ ይበርዳል። እኔ ያላንቺ ሰው አይደለሁም።»

ሮዳስ አራት ጊዜ አነበበችው። መጀመሪያ ልቧ ደነገጠ፣ ሁለተኛ ፊቷ ጋለ። በሦስተኛውና በአራተኛው የአባቷን ስም ፈለገች። የለም። ለሷ የሚሆን ማር ሁሉ ተጽፏል፤ ስለ ሳህሌ ግን አንድ ፊደል የለም። ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው።

*

የግቢው ዘበኛ በሩን ገርበብ አድርጎ ሁለቱንም አየ።

«ልጅቷ ብቻ ትግባ ተብሏል።»

«ለምን?» አለች ሮዳስ።

«እኔ እንጃ እህቴ። እትዬ ናቸው ያዘዙት።»

«ይህን ጀልባ የሠራው እሱ ነው። ካልገባ እኔም አልገባም።»

አቶ ሳህሌ የዚያን ቀን መጀመሪያ አፋቸውን ከፈቱ። «ግቢ። የመጣሽው እኔን ለማስገባት አይደለም፤ ሽቦውን ለማየት ነው።» ከአጥሩ ጥግ ሄደው ቆሙ፤ በአስፋልቱ የሚያልፉትን ተሳቢዎች ማየት ጀመሩ። ሮዳስ እንደዚያ ሆነው አየቻቸው፤ አላለቀሰችም፤ ገባች።

ጀልባዋ በሁለት የጭነት መኪናዎች መሐል ተሳቢ ላይ ተቀምጣለች። ወይዘሮ አሰጋሽ ጥቁር መነጽር አድርገው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በሰማያዊ ቱታ ዱጉማ ቆሟል፤ የግቢው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና መብራት ያበራ፣ ከዚያው ከአቃቂ ገበሬዎች መንደር የተወለደ ጸጥተኛ ሰው። ከወንበሩ ኋላ ዘአማኑኤል አለ። ዓይናቸው ተጋጠመ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ዓይን ቀኑን ሙሉ ያውላት ነበር። ዛሬ እሷ ዓይኗን አልሰበረችም፤ መሬት መሬት ያየው እሱ ነው።

«እንድትፈትሺ የፈቀድኩት ኋላ ከለከለችኝ እንዳትሉ ነው» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። «እያንዳንዷን ነገር ስትነኪ እያየሁሽ ነው።»

«እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው እትዬ። ዓይንዎን እንዳይነቅሉ።»

ስክሪኑን ፈትታ አወረደች፤ ከአንድ መኪና ባትሪ ጋር በቀጥታ አገናኘችው። በራ። ሬዲዮውን አገናኘች፤ ተንጫጫ። ፓምፑን አገናኘች፤ ዞረ። ከዚያ ሦስቱንም ገልብጣ ከጀርባቸው ያለውን ቁጥር አሳየች፤ አባቷ ታኅሣሥ ላይ በደብተር ከመዘገቡት ጋር አንድ ነው።

«ደብተሩን የጻፈው ማን ሆነና?» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። «ራሱ።»

ሮዳስ ጥርሷን ነከሰች። ዕቃዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰች፣ ማብሪያውን ተጫነች። ሁሉም ሠራ። ቀጥ ብሎ ሠራ። ይህ ነው ጠጋኝን የሚያሳብደው፤ የታመመው ዕቃ ሐኪሙ ሲመጣ ደህና ይሆናል።

«እንግዲህ በደረቅ ይሠራል» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። «እኔ የገዛሁት ለውሃ ነበር።» ዳር ቆመው ከሚያዩት ሹፌሮች አንዱ ሳቀ።

«ሞተሩ ይነሣ» አለች ሮዳስ። «በበርሜል ውሃ አምጡልኝ።»

ዱጉማ በርሜል አንከባሎ አመጣ፣ የሞተሩ ጭራ ውሃው ውስጥ እንዲገባ አደረገው። ቁልፉ ያለው ዘአማኑኤል ጋ ነበር፤ ወደ ጀልባዋ ወጣ፣ አጠገቧ ጎንበስ አለ።

«ሮዲ፣ ደብዳቤዬ ደረሰሽ?» አለ በሹክሹክታ።

«ቁልፉን አዙር።»

ሞተሩ ተነሣ። ጀልባዋ ከታች እስከ ላይ ተንቀጠቀጠች። አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም አለና ጠፋ። ሬዲዮው ተከተለ። ፓምፑ ቆመ። ወይዘሮ አሰጋሽ ከወንበራቸው ተነሡ። ሮዳስ በሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ የሚያስፈራ ፈገግታ ነበር።

ቴስተሯን ባትሪው ላይ አደረገች፤ አሥራ ሁለት ተኩል ቮልት። ስክሪኑ ጋ አደረገች፤ ስምንት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ እንደገና አሥራ አንድ። በቀዩ ሽቦ የሚሄደው ኃይል ደህና ደርሷል፤ በጥቁሩ ሲመለስ ነው መንገድ ላይ የሚጠፋው። በሆዷ ተኛች፣ እጇን ጥቁሩ ሽቦ ላይ አደረገች፣ እየዳበሰች ተከተለችው።

መጨረሻውን ታውቀዋለች። ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር አንድ የመዳብ ሳንቃ አለ፤ ጥቁሮቹ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ አንድ ወፍራም ሽቦ ወደ ባትሪው ይሄዳል። ታኅሣሥ ላይ በገዛ እጇ ነው ያሰረችው። የመቀመጫውን ክዳን አነሣች። የመዳቡ ሳንቃ የለም። ጥቁሮቹ ሽቦዎች ባንድ ተጠምዝዘው፣ በናስትሮ ተጠቅልለው፣ ወደ ኋላ ተስበው ሞተሩን በያዘው ብረት ቡሎን ሥር ታስረዋል። ቡሎኑ አረንጓዴና ቡናማ ዝገት ለብሷል።

«ጋሼ ዱጉማ፣ ይመልከቱልኝ» አለች። «ይህ የማን እጅ ነው?»

ዱጉማ ወጥቶ አየ። መካድ የሚችል ሰው አይደለም። «የኔ ነው። ማሳ ሰጥቼው ነው።»

መኪና ላይ ማሳ የሚባለው ልማድ ትክክል ነው፤ የመኪናው ገላ ሙሉ በሙሉ ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪሺያን የመመለሻውን ሽቦ ያገኘው ቡሎን ላይ አስሮ ይሄዳል። ጀልባዋ ግን ፋይበር ናት። ያ ቡሎን ከባትሪው ጋር የሚገናኘው በሞተሩ ማጠፊያ በኩል ብቻ ነው፤ ላንጋኖ ላይ ወር ከርሞ ሲዝግ፣ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይለያያል። ሠላሳ ዓመት ትክክል የነበረ እጅ እዚህ ሲደርስ ተሳሳተ።

«ሳንቃውን ለምን አወጡት?»

«ቦታ ጠበበኝ። ለማጉያው።»

«ለየትኛው ማጉያ?»

ዱጉማ እጁን በቱታው ጠረገ፤ ወደ ዘአማኑኤል አላየም፤ አለማየቱ ግን ከማየት በላይ ተናገረ። ሮዳስ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ከመቀመጫው ሥር ሁለት የተቆረጡ ቀጫጭን ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል። የድምፅ ማጉያ ሽቦ ነው። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባት።

የካቲት መጀመሪያ፣ ሰኞ ቀን። ለአባቷ «ሞጆ የጓደኛዬ መልስ አለ» ብላ ዋሽታ ከዘአማኑኤል ጋር ላንጋኖ ወርዳ ነበር። እዚህ መቀመጫ ላይ፣ እጇን በእጁ ይዞ፣ መሐል ሐይቅ ላይ ሙዚቃ ከፈተላት። «ላንቺ ብዬ ነው ያስገባሁት» አላት። ደስታ ገደላት። ማን ገጠመው፣ ከየት ሳበው፣ ጥቁሩን የት አሰረው ብላ አልጠየቀችም። የሳህሌ ልጅ፣ የሰው ሽቦ በዓይኗ ብቻ አይታ የማታምን፣ አባቷን የሚያስከስሰው ነገር ላይ ተቀምጣ ዘፈን ስትሰማ ዋለች። እሱ ደግሞ እናቱ እንዳይጠይቁት ማጉያውን አስወጥቶ የቀረውን እንደነበረ ተወው። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ያውቃል። «ታገሺኝ» ብሎ ሲጽፍ ያውቅ ነበር።

ቀና አለች። ዓይኖቹ ይለምኗታል። ያ ዓይን ምን እንደሚል ከማንም በላይ ታነባለች። ጠበቀችው። ዓለም ላይ ካለው ነገር ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገችው፤ እሱ ራሱ አፉን እንዲከፍት።

«ሮዲ… ኋላ ብቻችንን እንነጋገር» አለ።

ዱጉማ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ። ማንም ሳያዘኝ በራሴ ነው የነካካሁት።»

«እንግዲያ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይህ» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ።

ሮዳስ ፒንሳዋን አስቀመጠች። ሁለት ሽማግሌ፤ አንዱ ከበር ውጭ፣ አንዱ ሊባረር፤ ሁለቱም አንድ ጎልማሳ ወንድ አፉን ስለዘጋ። ወደ በሩ ዞራ ዘበኛውን ጠራችው።

«አባቴን አስገባልኝ። የምናገረው ነገር አለ፤ እሱ ሳይሰማ አልናገርም።»

ዘበኛው ወደ ወይዘሮዋ አየ። ወይዘሮዋ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ ሳህሌ ገቡ። ሮዳስ ጀልባዋ ላይ እንደቆመች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አባቷን እያየች ተናገረች። «አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ። ሞጆ አልሄድኩም። ከዘአማኑኤል ጋር ብቻችንን ላንጋኖ፣ እዚህ ጀልባ ላይ ነበርኩ። ለኔ ብሎ ሙዚቃ አስገባ። ጋሼ ዱጉማን ያዘዛቸው እሱ ነው። የሠራኸውን አስፈታ፤ እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬ አላየሁም። ዕቃው አልተቀየረም። እኔን ቅጣኝ፤ ሌባ ግን አይደለህም።»

ሹፌሮቹ ያቺን ልጅ ማየት አፈሩ። አቶ ሳህሌ ወደ ጀልባዋ ቀረቡ።

«ላይፍ ጃኬት አድርገሽ ነበር?» አሉ።

ሮዳስ ስድብ ነበር የጠበቀችው። «አላደረግሁም» አለች፣ ድምፅዋ ተሰበረ።

አቶ ሳህሌ ወደ ዘአማኑኤል ዞሩ። በሰቃ ሲዘለፉ ያልታየ፣ ጣቢያ ሲጠየቁ ያልታየ ቁጣ ፊታቸው ላይ ወጣ። «አንተ ልጅ። መዋኘት የማትችል ልጄን፣ በዚህ ሽቦ፣ ያለ ጃኬት፣ ያን ውሃ ላይ አወጣሃት? የቀረውን ነገር ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ለዚህኛው ግን ጥርስህን ባረግፈው ደስ ይለኝ ነበር።»

ዘአማኑኤል ያን ጊዜ ከጀልባዋ ወረደ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ሄዶ እናቱ ፊት ቆመ። «እማዬ፣ ዱጉማ ምንም አላጠፋም። አቶ ሳህሌም አላጠፉም። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አቶ ሳህሌን ስትሰድቢም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን ዘጋህ?» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። መነጽራቸውን አውልቀዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ፈራሁሽ።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ልጃቸውን አዩት፤ መልሰው ተቀመጡ። ለአየር እንደሚናገሩ ሁሉ «ክሱን አነሣለሁ» አሉ።

«ለኔ አይበቃኝም» አለች ሮዳስ። «ሱቁ በር ላይ ቆመው ነው የሰደቡት። ሰፈሩ ሰምቷል። እዚያው ቆመው ይመልሱለት።»

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ቀስ ብለው «እሺ» አሉ። ሃያ ሁለት መኪና ከገዙ ወዲህ ለማንም ያላሉት «እሺ» ሳይሆን አይቀርም።

አቶ ሳህሌ ኮታቸውን አውልቀው ለዘበኛው አስያዙ፤ ዱጉማን በእጃቸው ጠርተው ከመቀመጫው ሥር አብረው ተንበረከኩ፤ ፋይበር ለምን ማሳ እንደማይሆን ያስረዱት ጀመር። ዱጉማ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ሮዳስ ዕቃዋን ስትሰበስብ ዘአማኑኤል መጣ።

«እወድሻለሁ» አለ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። «ሰኞ ጣቢያ እሄዳለሁ፤ ቃሌን እሰጣለሁ። እንዳትጠይኝ ብቻ።»

«አልጠላሁህም። ብጠላህ ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር።» የቦርሳዋን ዚፕ መዝጋት አቃታት። «እኔ ያንተን ዝምታ ማግባት አልችልም አማኑ። ዛሬ የተናገርከው እኔ ከተናገርኩ በኋላ ነው። ያን እስክረሳው ድረስ አጠገቤ አትምጣ።»

ሊነካት እጁን ዘረጋ። አላራቀችውም፤ እሱ ራሱ መለሰው። የጎዳት ይኸኛው ነው።

*

ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ ወደ አቃቂ በእግራቸው ተመለሱ። አሁን ጎን ለጎን ናቸው። ተሳቢዎች አቧራ እያለበሷቸው ያልፋሉ። አቶ ሳህሌ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለዋል፤ ጣታቸው በዝገት አረንጓዴ ሆኗል።

«ስለ ሞጆው ተቆጥቻለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ቤት ስንደርስ በደንብ እቆጣሻለሁ። አሁን ደክሞኛል።»

«እሺ አባዬ።»

ድልድዩን አለፉ። ሮዳስ ዓይኗን በክንዷ ትጠርጋለች፤ አቧራ ነው ብትል ማንም ያምናት ነበር፤ ግን አላለችም። የአባቷ ስም ነጻ ወጥቷል፤ ሰኞ ቀና ብለው ይቀርባሉ። ከሳምንት ጀምሮ የለመነችው ይኸው ነበር፤ ተሰጣት። ታዲያ ደረቷ ለምን እንዲህ እንደሚያቃጥላት ራሷን ጠየቀች።

«ያ ልጅ» አሉ አቶ ሳህሌ፣ መንገዱን እያዩ። «የሚፈልገው ነገር ካለ በጠራራ ፀሐይ፣ በቤቴ በር ይምጣ። እኔን ያናግረኝ። በሐይቅ አይሆንም።»

«አይመጣም። ፈሪ ነው።»

«ፈሪ ነው። ዛሬ ግን እናቱን ሲያናግር ከንፈሩ ነጥቶ አየሁት፤ ቢሆንም ተናገረ።» ኮታቸውን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሩ። «ቢመጣ ልመልሰው ወይስ ላስገባው?»

ሮዳስ ቆመች። በአባቷ ጥያቄ ተናደደች፣ በዘአማኑኤል ተናደደች፣ በዚያ ቡናማ ውሃና በዚያ ዘፈን ተናደደች። ከሁሉ በላይ ግን መልሱን ለማግኘት አንዲት ደቂቃ እንኳ ስላላስፈለጋት ተናደደች።

«አስገባው» አለች እያለቀሰች። «መጀመሪያ ግን፣ አንተ ዛሬ እንደቆምከው፣ ውጭ ትንሽ አስቁመው።»